የጋዝ ኦቨኔ ፓይለት አልይዝ ስትል

ደሴ ውስጥ አነስተኛ ዳቦና ኬክ ቤት አለኝ። ሥራ የምንጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሊጡ ማታ ይቦካል፣ ኦቨኑ ሌሊት ይግላል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሻይ ቤቶቹ ልጆች ዘንቢል ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። አምና ኅዳር ላይ ግን ይህ ሁሉ ተመሳቀለ። የኦቨኑ ፓይለት፣ ማለትም ዋናውን እሳት የምትለኩሰው ትንሿ እሳት፣ አልይዝ አለች። ክብሪት ስናቀርብላት ትበራለች፤ ጣታችንን ከማዞሪያው ላይ ስናነሳ እልም ትላለች። አንዳንድ ቀን በአሥረኛው ሙከራ ትይዛለች፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ እምቢ ትላለች። ከዚያ ወዲህ ከደሴም ከሐይቅም በዚሁ ነገር የተቸገሩ ባለ ሱቆች እየደወሉ ጠይቀውኛል። በስልክ ቆርጬ ቆርጬ ከምነግራቸው ያለፍኩበትን በሙሉ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ጠጋኝ አይደለሁም፤ ከዚህ ኦቨን ጋር ግን ሦስት ሳምንት አብሬው አምሽቼ አብሬው አንግቻለሁ።

ኦቨኑ ያገለገለ ነው። የቀድሞው በ2014 ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ከሱቁ ዕቃ ጋር አብሮ ሄደ። ስንመለስ ያገኘነው ግድግዳውንና የሊጥ ገንዳውን ነበር። እንደገና ስንነሳ በኤሌክትሪክ ኦቨን መመካት አልደፈርኩም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ግማሽ የበሰለ ዳቦ መጣል ይመጣል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ባለ ሁለት ፎቅ የጋዝ ኦቨን ገዝቼ በአይሱዙ አስመጣሁ። መመሪያ ወረቀት አልነበረውም። ሱቁ እስኪታደስም ሁለት ወር ያህል መጋዘን ውስጥ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ፣ እኔም ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ብዙ ነገር እድን ነበር። ማዞሪያውን ፓይለት ላይ አድርጋችሁ ስትጫኑት ጋዝ ወደ ትንሿ እሳት ብቻ ይሄዳል። ክብሪት ትለኩሱላታላችሁ። እሳቷ ደግሞ አጠገቧ የተተከለች፣ ከእስክሪብቶ የቀጠነች ዘንግ ጫፏን ታሞቃለች። ይህች ዘንግ ቴርሞካፕል ትባላለች፤ አንዳንዱ ጠጋኝ ሴንሰር ይላታል። ጫፏ ላይ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተበይደዋል። እንዲህ የተጋጠሙ ብረቶች መጋጠሚያቸው ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ ይህን ባሕርይ በ1821 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ጀርመናዊው ቶማስ ዮሐን ዜቤክ ነው። ኤሌክትሪኩ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ውስጥ አልፎ ቫልቩ ጋ ይደርስና አንዲት ትንሽ ማግኔት ያነቃል። ማግኔቷ የጋዙን በር ከፍታ ትይዛለች። እሳቱ በሆነ ምክንያት ከጠፋ ዘንጓ ትቀዘቅዛለች፣ ማግኔቷ ትለቃለች፣ ሞላው በሩን ገፍቶ ይዘጋል፣ ጋዝ አይፈስም።

ጣታችሁን ስታነሱ ፓይለቷ ከጠፋች እንግዲህ ጋዙ አልተቋረጠም፣ በሩ ነው የተዘጋው። በሩ የተዘጋው ደግሞ ማግኔቷ “እሳት መኖሩን አላወቅኩም” ስላለች ነው። ይህች ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ናት፤ ጤነኛ ስትሆን ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ገደማ ናት። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1,500 ሚሊቮልት ነው። ከአንድ ድንጋይ ጉልበት አንድ ስልሳኛው ማለት ነው በሩን ከፍቶ የሚይዘው። መገናኛው ላይ ትንሽ ዝገት ወይም ቅባት ካለ፣ እሳቷም ዘንጓን በደንብ ካላቀፈቻት ነገሩ ያበቃል።

ይህን ሳላውቅ ነው ጠጋኝ የጠራሁት። መጣ፣ ሁለት ጊዜ ለኮሰ፣ ሁለት ጊዜ ጠፋ። “እታለም፣ ሴንሰሩ ሞቷል። ደሴ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው” አለኝ። ቀጥሎም “እስኪመጣ ሥራ አይቆምባችሁ” ብሎ ከእንጨት ሽብልቅ ጠረበና ማዞሪያው ተጭኖ እንዲቀር አድርጎ ወተፈው። እውነትም ያዘች። የዚያን ዕለት አመስግኜ ነው የሸኘሁት። ሌሊት እንደገና ለመለኮስ እንዳንሰቃይም ፓይለቷን ሳናጠፋ ማደር ጀመርን።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ቀድማ ደረሰች። እኔ ከኋላዋ ዳገቱን እየወጣሁ ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጅቷ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች። “እታለም፣ የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል” አለችኝ። ሳያት እጇ ግድግዳው ላይ ማብሪያውን እየፈለገ ነው።

“አትንኪው!” ብዬ የጮህኩትን ጩኸት እስከ ዛሬ አልረሳውም። እጇን እንደ እሳት የነካ ሰው ሰበሰበች።

ከበሩ ስር የሚገባው ነፋስ ሌሊት ፓይለቷን አጥፍቷት ነበር። ማግኔቷ ሥራዋን ብትሠራ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጋዙን ትዘጋው ነበር። ሽብልቁ ግን በሩን በግድ ከፍቶ ስለያዘው ጋዙ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አደረ። ሁለታችንም ወጣን፣ ሁለቱንም የበር ክፋይ ወለል አድርገን ከፈትን። ሲሊንደሩ ጓሮ በሽቦ ቤት ውስጥ ስለሆነ በውጭ ዞሬ ዘጋሁት። ስልኬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ጎረቤታችን ሀጂ ለሱብሒ ሲወጡ ደረሱብንና ነገሩን ስነግራቸው፣ “አብሽሩ ልጆቼ፣ ከሰል የያዘ ሰው እንዳያልፍ እኔ እዚህ እቆማለሁ” ብለው የቡና ጠጪዎቹን መንገድ ዘግተው ቆሙ። ሶላታቸውን አዘግይተው አንድ ሰዓት ያህል ብርዱ ውስጥ ከእኛ ጋር ቆመዋል። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው።

ስለዚህ ጋዝ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል፣ በፍሳሽ ቀዳዳ ይገባል፣ ጥግ ይይዛል። ቆማችሁ ሽታው ቀለል ቢላችሁም ቁርጭምጭሚታችሁ ጋ ሌላ ነው። በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ ያ የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ ሰው እንዲያውቅበት ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ከአየሩ ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ከሆነ ደግሞ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የመብራት ማብሪያ ስትጫኑት ውስጡ ብልጭ ይላል፤ ስታጠፉትም እንደዚያው። ስለዚህ ሽታ ካለ የበራ መብራት እንደበራ፣ የጠፋም እንደጠፋ ይቆይ። ፋን አስነስቼ ላስወጣው ማለትም አይሆንም። በርና መስኮት ተከፍቶ ነፋሱ ራሱ ያውጣው።

በዚያ ቀን ዳቦ አልጋገርንም። ሽብልቁን ነቅዬ ጣልኩ። ቴርሞካፕሉ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በከሰል ምድጃ ብስኩትና አንባሻ ብቻ እየሠራን ቆየን።

ከአራት ቀን በኋላ ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። አስገባነው። ለኮስን፣ ተጫንን፣ እስከ ሠላሳ ቆጠርን፣ ለቀቅን። ጠፋች።

ያን ጊዜ ነው የእህቴን ልጅ የጠራሁት። ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል፤ የጋዝ ሰው አይደለም፣ ነገር ግን ሳይለካ አይናገርም። ቴስተሩን ይዞ መጣ። የቴርሞካፕሉን ጫፍ ከቫልቩ ፈታ፤ አንዱን የቴስተር ዘንግ ከመዳቡ ገላ፣ ሌላውን ጫፉ ላይ ካለችው ነጥብ አገናኘ። እኔ ማዞሪያውን ተጭኜ ፓይለቷን አብርቼ ያዝኩ። ቁጥሩ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ እያለ ወጣ፤ 4፣ 6፣ 8። 10 ላይ ደርሶ ቆመ። አሮጌውን መልሰን ስንለካው 9 ሆነ።

ሁለቱንም አየና “አክስቴ፣ አዲሱም አሮጌውም እኩል ናቸው። የሞተ ነገር የለም። እሳቱን እንየው” አለኝ።

መብራቱን አጥፍተን ጎንበስ ብለን አየናት። እኔ በየቀኑ የማያትን እሳት አይቻት አላውቅም ነበር። ቀጭን፣ ቢጫ፣ ጫፏ የሚርገበገብ፤ ወደ አንድ ጎን ጋደል ብላ ዘንጓን ጫፏን ብቻ ትልሳታለች። ጤነኛ ፓይለት ሰማያዊ ናት፤ ቀጥ ብላ ትወረወራለች፣ ድምፅዋም ሸሸ የሚል ነው። የዘንጓን የላይኛውን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዙሪያዋን ታቅፋታለች፤ ጫፏም ትቀላለች። የእኛ ዘንግ ጥቁር ነበረች፣ ጥቀርሻ ለብሳለች። ጥቀርሻ ካያችሁ ጋዙ አየር አጥቶ እየነደደ ነው።

ሲሊንደሩን ዘግተን፣ ኦቨኑ እስኪበርድ ጠብቀን ፓይለቷን ፈታናት። የጋዙ መግቢያ ጫፍ ላይ ኖዝል የሚባል ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አለ፤ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ የቀጠነ ነው። የእህቴ ልጅ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳውና ዝም ብሎ ሰጠኝ። ክብ ነጥብ መታየት ሲገባው የታየኝ የጨረቃ ቁራጭ ነበር። ግማሹ ተደፍኗል። ውስጡን ስናየው ጥቁር ነገር ላይ የሸረሪት ድር ተጋግሮበታል። ያ ሁለት ወር መጋዘን የተቀመጠበት ጊዜ ነው፤ ሸረሪት እንዲህ ያለ ጠባብ ቀዳዳ አግኝታ አትምርም። ከኖዝሉ ቀጥሎ ያለችው የአየር መሳቢያ ቀዳዳ ደግሞ በዱቄት ተለስናለች። ዳቦ ቤት ስለሆነ ብናኙ ሁሉ ወደዚያ ይሳባል፣ ሙቀቱ ያጋግረዋል። አንዱ ጋዙን አሳነሰ፣ ሌላው አየሩን ከለከለ።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው እጁ ወደ መርፌ ይሄዳል። እባካችሁ ተውት። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ መርፌ ወይም የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ መልሶ አይጠብም። ከዚያ በኋላ እሳቱ ለዘላለም ቢጫና ጥቀርሻ ይሆናል። እኛ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አልኮል ሲኒ ውስጥ አድርገን ኖዝሉን ዘፈዘፍነው፣ ማታውን አደረ። ጠዋት ጎሚስታ ቤት ወስጄ በኮምፕሬሰር ከኋላ ወደ ፊት አስነፋሁት። ጎሚስታው ልጅ “ይህን ነው የምትነፊው?” እያለ ገርሞት በጨርቅ ይዞ ነፋልኝ። ወደ ሰማይ አንስቼ ሳየው ክብ ነጥብ ሆኗል። የአየር ቀዳዳዋን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳናት። የዘንጓን ጫፍ በስስ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አሸት አሸት አድርገን ጥቀርሻውን አነሳን፤ ቫልቩ ጋ የምትገናኘውን ነጥብ ግን በአልኮል በነካ ንጹህ ጨርቅ ብቻ ጠረግናት።

መልሰን ገጥመን የተፈታውን መጋጠሚያ ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀባነው። የልብስ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ በብሩሽ ትቀባላችሁ፣ ሲሊንደሩን ትከፍታላችሁ፤ አረፋው ከተነፋ ይተነፍሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር አለ፣ ሲደረግም አይቻለሁ፤ በፍጹም አታድርጉት። አንደኛው ዳዶ ጋ ሁለት ትንንሽ አረፋ ተነፋ፤ ዘግተን ጠበቅ አድርገን ደግመን ፈተሽን፣ ቆመ።

ከዚያ ለኮስኳት። ሰማያዊ ሆና ሸሸ አለች። ቴስተሩ 10ን አልፎ፣ 15ን አልፎ 24 ላይ ቆመ። ከአሮጌው ቴርሞካፕል ጋር ነው ይህ የሆነው። አዲሱ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ቴርሞካፕሉን ቫልቩ ላይ ስትመልሱ በእጃችሁ እስኪቆም አጥብቁና በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። እኛ ጋ የመጣው ጠጋኝ በሙሉ ጉልበቱ አስሮት ስለነበር ጫፏ ላይ ያለችው ማገጃ ተጨፍልቃ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም። የመዳቡንም ቱቦ አትጠፉት፤ ስትጠቀልሉት ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልሉ።

አሁን የሚደውልልኝ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የምጠይቀው “ሲለኮስ ይበራል ወይስ ጭራሽ አይበራም?” ብዬ ነው። በርቶ ጣት ሲነሳ የሚጠፋ ከሆነ ከላይ ያልኩት ነው፤ እሳቷን እዩ፣ ዘንጓን አቅፋለች ወይ በሉ፣ ከዚያ መገናኛውን አጽዱ፣ ዕቃ መግዛት መጨረሻ ላይ ነው። በእርግጥ ቴርሞካፕል የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ ጫፉ ከተሰነጠቀ ወይም ተበልቶ ከሳሳ፣ እሳቷም ጤነኛ ሆና ቴስተሩ ከ10 በታች ካሳየ ቀይሩት። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ፣ መገናኛው ጸድቶ አሁንም የማይይዝ ከሆነ የማግኔቷ ጉዳይ ነው። እሷ ቫልቩ ውስጥ ናት፤ ቫልቭ ደግሞ ከፍታችሁ የምትነካኩት ዕቃ አይደለም፣ የሚያውቅ ሰው ይቀይረው።

ክብሪት ቀርቦላት ጭራሽ የማትበራ ከሆነ ጋዝ አልደረሰም። በጣም ቀላሉ ምክንያት ሲሊንደር በቅርቡ መቀየሩ ነው። ቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል፤ በዚያች በጠባብ ቀዳዳ አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሰው ግን አሥር ሰከንድ ተጭኖ “ተበላሸ” ይላል። ሌላው ሬጉሌተሩ በትክክል አለመግባቱ፣ ወይም ጎማው የሆነ ቦታ ተጣጥፎ መቆሙ ነው። ሌሎቹ የቡታጋዝ ምድጃዎች ከዚያው ሲሊንደር በደንብ እየነደዱ ፓይለቷ ብቻ እምቢ ካለች ግን ኖዝሉ ነው፣ አትድከሙ።

ኦቨኑ ከውጭ አገር ያገለገለ ከሆነ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ። አንዳንዱ በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ነው፣ ኖዝሎቹ ሰፊ ናቸው፤ የእኛ የሲሊንደር ጋዝ ሲገባበት እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ ያጨሳል። ያ በማጽዳት አይድንም፣ ኖዝሎቹ ሁሉ መቀየር አለባቸው።

ከፍታችንም የራሱ ነገር አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ለቆላ የተስተካከለ ምድጃ እኛ ጋ ሲመጣ አየር ያጥረዋል። እህቴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ላይ ተመሳሳይ ኦቨን አላት፤ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እሷ የአየር ቀዳዳውን በስድስት ወር አንዴ ብታጸዳ ይበቃታል። እኔ በየወሩ መጨረሻ አጸዳለሁ፤ ትንሽ ዱቄት እንኳ ሲገባ እሳቷ ወዲያው ቢጫ ስትሆን አያለሁና።

ብርዱም እንደዚሁ። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ቡቴን ላይተር ውስጥ የምታዩት ፈሳሽ ነው። የሚፈላው ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ላይም ይፈላል። ስለዚህ ከድብልቁ ፕሮፔኑ ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል የሚቀረው ቡቴን የበዛበት ነው። ይህ በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ሲያድር ይሰንፋል። ኦቨኑን ካስተካከልን በኋላ አንድ ሌሊት እንደገና ፓይለቷ ስትልፈሰፈስብኝ ልቤ ሊወድቅ ነበር። ፈተሽኩ፣ ኖዝሉ ንጹህ ነው። ሲሊንደሩን በሚዛን አነሳነው፤ ባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል፣ እሱን ቀንሰን ከ12.5 ኪሎው አንድ ኪሎ ገደማ ብቻ ቀርቶ አገኘነው። ሌላ ሲሊንደር ስንገጥም ወዲያው ቀጥ አለች። አሁን ተለዋጭ ሲሊንደር ሁልጊዜ አለኝ፣ ሁለቱም ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የሚያገኛቸው ግድግዳ ጋ ቆመዋል። ሲሊንደር ሰነፈ ብሎ ፍም ማስጠጋት ወይም የፈላ ውሃ ማፍሰስ ግን በራስ ላይ መፍረድ ነው። አጋድሞ መጠቀምም እንደዚያው፤ ፈሳሹ ወደ ጎማው ይገባል።

ስትለኩሱ የኦቨኑን በር ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩ፣ ፊታችሁን ከአፉ አርቁ። ክብሪቱ ቀድሞ ይለኮስ፣ ጋዙ ይከተል፤ ጋዙ ቀድሞ ክብሪት እስኪጫር ከጠበቀ ውስጡ ተጠራቅሞ ቦግ ይላል። ከበራች በኋላ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ፣ ብርድ ከሆነ እስከ ስልሳ። ከጠፋች ወዲያው አትድገሙ፤ ማዞሪያውን ዘግታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ወለሉ ላይ የተኛው ይውጣ። በአምስት ሙከራ ካልያዘች ስድስተኛውን ተዉትና ምክንያቱን ፈልጉ።

እኔ ጋ ከዚያ ወዲህ ከግድግዳው ግርጌ ጡብ የሚያህል ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ሸፍኜ ወደ ጓሮ አስከፍቻለሁ። የላይ መስኮት ብቻውን ለዚህ ጋዝ አይረዳም፣ ታች ነውና የሚተኛው። ከበሩ ስር ለሚገባው ነፋስ ደግሞ ኦቨኑን ራሱን ዞር አድርገን አስቀመጥነው፣ ፓይለቷ አሁን ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታለች።

ቴርሞካፕል በእርግጥ ሞቶባችሁ ሰው ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ከሆነ አሮጌውን ፈትታችሁ በእጁ ስጡት። “የኦቨን ሴንሰር” ብላችሁ በስልክ ብታዙ እንደኔው ልክ ያልሆነ ይመጣል፤ የመጀመሪያው የተላከልኝ አጥሮ ነበርና መልሼ ነው ያስቀየርኩት። ርዝመቱ ይለያያል፣ ቫልቩ ውስጥ የሚገባው የዳዶው ጥርስ ይለያያል፣ ፓይለቷ ላይ የሚታሰርበትም መንገድ ይለያያል። አንዱ በብሎን፣ ሌላው በቅንጥብ ነው የሚያዘው። አሮጌውን መላክ ካልቻላችሁ ሁለቱንም ጫፍ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱ፣ ርዝመቱን በሜትር ለኩ፤ ከሚያስፈልገው ትንሽ ቢረዝም ይጠቀለላል፣ ቢያጥር ግን አይቀጠልም።